ይሉኝታና የቡና ሒሳብ

(የጋራ መሥሪያ ቦታ ለሚያስተዳድሩና ለሚጠቀሙ ሰዎች አዲስ አበባ ላይ የቀረበ ንግግር፤ ለንባብ እንዲመች ተስተካክሎ የተጻፈ)

እንደምን አመሻችሁ። ከሥራ ወጥታችሁ፣ ታክሲ ተሰልፋችሁ ስለመጣችሁ ከልቤ አመሰግናለሁ። የዛሬው ወሬያችን ስለ ስኳር፣ ስለ ሶፍት፣ ስለ ቡናና ስለ ምሳ ነው። ትንንሽ ነገሮች ይመስላሉ። እኔ ግን ሰው ከጋራ መሥሪያ ቦታ አኩርፎ ሲወጣ ያየሁት በኢንተርኔት ምክንያት ሳይሆን በእነዚህ ነው።

ከማንኪያ ልጀምር።

የጋራ መሥሪያ ቦታችንን፣ ማለትም የተለያየ ሥራ ያላቸው ሰዎች ጠረጴዛ ተከራይተው የሚሠሩበትን ቤት፣ ስንከፍት ከመርካቶ ሁለት ደርዘን የሻይ ማንኪያ ገዛን። ሃያ አራት። በአምስተኛው ወር አንድ ከሰዓት በኋላ ቡና ቀርቦ ማንኪያ ብንፈልግ ሰባት ብቻ ተገኘ። አንድ ልጅ ስኳሩን በእስክሪብቶ ሲያማስል አየሁት። በጣም ተናደድኩ። ሰው ሁሉ ሌባ መሰለኝ። ለአንድ ሳምንት ያህል ከቦታው የሚወጣውን ሰው ቦርሳ በዓይኔ እከተል ነበር።

ከጊዜ በኋላ አንድ ጥናት አነበብኩና ሰው መጠርጠሬን ተውኩ። ሜልበርን፣ አውስትራሊያ ውስጥ በርኔት ኢንስቲትዩት የሚባል የሕክምና ምርምር ተቋም አለ። የዚያ ቤት ተመራማሪዎችም ማንኪያ ይጠፋባቸው ነበር። ስለዚህ 70 ማንኪያ ላይ በማይታይ ቦታ ቁጥር ጽፈው በየሻይ ክፍሉ አስቀመጡና መቁጠር ጀመሩ። በአምስት ወር ውስጥ 56ቱ ጠፉ። ጥናቱ እ.ኤ.አ. በ2005 በታወቀው የብሪታንያ የሕክምና መጽሔት ታትሟል። ለእኔ ትልቁ ነገር የጠፋው ብዛት አይደለም። ሁሉም ሰው በሚገባበት የሻይ ክፍል ከማንኪያዎቹ ግማሹ ለመጥፋት የፈጀው 42 ቀን ነው። አንድ የሥራ ክፍል ብቻ በሚጠቀምበት ክፍል ግን 77 ቀን ፈጀ። ማንኪያው ውድ ሆነ ርካሽ ለውጥ አላመጣም።

ሰዎቹ ያው የአንድ መሥሪያ ቤት ሰዎች ናቸው። በአንዱ ክፍል ጨዋ፣ በሌላው ሌባ አይሆኑም። የተለየው ነገር ዕቃው የማን እንደሆነ መታወቁና አለመታወቁ ነው። የእኛም ማንኪያዎች አንዱ በምሳ ዕቃ ውስጥ ቤት ሄዷል፣ አንዱ ከትርፍራፊ ጋር ቆሻሻ ውስጥ ገብቷል፣ ሦስቱን ደግሞ በኋላ ከጠረጴዛ መሳቢያ ውስጥ አግኝተናቸዋል። ማንም አልሰረቀም። ማንም ግን አልጠበቀም።

አሁን ወደ ወተቱ ልምጣ። ዛሬ እዚህ እንድቆም ያደረገኝ እሱ ነው።

መጀመሪያ ላይ አሠራራችን ቀላል ነበር። ሁሉም አባል በየወሩ እኩል ያዋጣል፤ በተዋጣው ቡና፣ ሻይ፣ ስኳር፣ ወተትና ቆሎ እንገዛለን። እኩል ማለት ፍትሐዊ ማለት መስሎኝ ነበር። አንዲት አባል ነበረችን፤ የሒሳብ ሥራ ለድርጅቶች የምትሠራ፣ ዝምተኛ፣ ሁልጊዜ መዋጮዋን ቀድማ በቴሌብር የምትልክ። ከእኛ ጋር አንድ ዓመት ከሠራች በኋላ ልትለቅ ስትል ምክንያቷን ጠየቅኳት። አንገራገረች። ከብዙ ልመና በኋላ እንዲህ አለችኝ፦ «እኔ ወተት አልጠጣም። ቡናም ከሰዓት አንድ ስኒ ብቻ ነው የምጠጣው። ዓመቱን ሙሉ የሰው ማኪያቶ ስከፍል ነበር። መናገር ግን አፈርኩ። ለወተት ብላ ተጣላች እንዳልባል።»

እንዳልባል። ይቺን ቃል አስቡልኝ። ይሉኝታ ማለት እሷ ናት።

እኛ አገር ሰው በልቶ ካልከፈለ ሰው ይልቅ፣ «ያልበላሁትን ለምን እከፍላለሁ» ብሎ የሚጠይቀው የበለጠ ያፍራል። መብል ላይ ሒሳብ ማንሳት ነውር ነው ተብለን አድገናል። አንድ ሰው ምሳ ዕቃውን ከፍቶ «እንብላ» ሳይል አይጎርስም። ይህ ውብ ባህል ነው፤ እንዲጠፋ አልፈልግም። ግን በቤት ውስጥ የሚያምረው ነገር ወር በወር ገንዘብ በሚሰበሰብበት ቦታ ሰው ያፍናል። የታፈነ ሰው ደግሞ አይጣላም። ዝም ብሎ ይለቃል። ስለዚህ በጀት ለእኔ ሰው በይሉኝታ ምክንያት በአፉ የማይናገረውን ነገር ወረቀት እንዲናገርለት ማድረግ ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ያደረግነው ሁሉ ከዚህ የመጣ ነው።

የመጀመሪያው ሥራችን ገንዘቡን በሦስት ኪስ መክፈል ነበር። አንደኛውን የቤቱ ኪስ እንለዋለን። ሶፍት፣ ፈሳሽ ሳሙና፣ በረኪና፣ የቆሻሻ ከረጢት፣ የመጠጥ ውሃ፣ የፕሪንተር ወረቀት እዚህ ይገባሉ። ይህ ከጠረጴዛ ኪራዩ ውስጥ ነው የሚወጣው። ለብቻው መዋጮ አይጠየቅበትም። ለሶፍት መዋጮ የሚጠይቅ ቦታ ካያችሁ ኪራዩን በደንብ አላሰበም ማለት ነው፤ ኪራዩን ትንሽ ከፍ አድርጎ ይህን ነገር ከሰው ራስ ላይ ማውረድ ይሻላል። እዚህ ላይ ብዙ የምለው የለኝም።

ሁለተኛው የረከቦቱ ኪስ ነው። ቡና፣ ሻይ፣ ስኳር፣ ከሰልና የቡና ቁርስ። እዚህ አባል መሆን ውዴታ ነው። ወር በገባ የመጀመሪያ ቀን ወረቀት ይለጠፋል፤ የሚገባ ስሙን ይጽፋል፣ የማይገባ አይጽፍም። ለምን አልገባህም ብሎ መጠየቅ ክልክል ነው። ወተት ከዚህ ኪስ ወጥቷል። ወተት የሚፈልጉት ስድስት ሰዎች ራሳቸው በተራ ይገዛሉ፤ ፍሪጁ ውስጥ ጠርሙሱ ላይ የስድስቱ ስም ተጽፏል። ከሜልበርን የተማርኩት ይህን ነው፤ ስም ያለው ወተት አይጠፋም።

ሦስተኛው የገበታው ኪስ ነው፤ ምሳ፣ የልደት ኬክ፣ የበዓል ድግስ። እዚህ ኪስ ውስጥ ቀድሞ የሚቀመጥ ገንዘብ የለም። የበላ ይከፍላል፣ በዚያው ቀን ይዘጋል። ወደሚቀጥለው ወር የሚተላለፍ የምሳ ዕዳ እንዲኖር አንፈቅድም። ሃምሳ ብር የተበደረ ሰው አበዳሪውን ሲያይ መንገድ ይቀይራል፤ በአንድ ክፍል ውስጥ ደግሞ የሚቀየር መንገድ የለም።

ቀጥሎ መቁጠር መጣ። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ብዙዎቻችሁ የምትጠይቁኝ ስለዚህ ነውና።

ቡና የምታፈላልን አንዲት እናት አለች። እትዬ ነው የምንላት። አንድ ቀን ስኳሩ ወር ሳይሞላ አለቀና ጓዳ ገብቼ ኪሎውን ስመዝን አገኘችኝ። «ልጄ፣ ስኳሩን አትቁጠሪ። ስኒውን ቁጠሪ» አለችኝ። ስኳር ያለቀው ሰው ስለበዛ ነው ወይስ ሰው ስላበዛ፣ ስኒውን ካልቆጠርኩ አላውቅም ማለቷ ነው። እንዴት እንቁጠር ብላት ባዶ የወተት ቆርቆሮ አመጣች። አንድ ጭብጥ ሽምብራም አመጣች። አንድ ስኒ ስትቀዳ አንድ ሽምብራ ቆርቆሮው ውስጥ ትጥላለች። ማታ ሽምብራውን ቆጥራ ደብተር ላይ ትጽፋለች። አራት ሳምንት እንዲህ አደረገች። ከዚያ በፊት ለዚህ ጉዳይ ኤክሴል ላይ ስንት ሰንጠረዥ ሠርቼ ነበር፤ አንዱም የእሷን ቆርቆሮ ያህል እውነት አልነገረኝም።

የወጣው ነገር ይኸው። በአማካይ በቀን 18 አባል ይመጣል። አንድ ሰው ሁለት ስኒ ይጠጣል። ይህ 36 ነው። በዚህ ላይ በቀን አራት ስኒ የእንግዳ አለ። እንግዳ የመጣበት ሰው «ቡና ጠጣ» ሳይል አይቀርም፤ እንግዳውን በጀት ውስጥ ያላስገባ ሰው አባሎቹን ያሳቅቃል። ጠቅላላ 40 ስኒ። እትዬ ጠዋትና ከሰዓት ታፈላለች፤ በእያንዳንዱ 120 ግራም የተወቀጠ ቡና ትጨምራለች። በቀን 240 ግራም፣ በ22 የሥራ ቀን 5 ኪሎ ከ280 ግራም። ቶናና በረካ የሚፈላው በዚያው ቡና ስለሆነ ተጨማሪ ወጪ የለውም። ለሁለተኛና ለሦስተኛ የሚቀመጥ ሰው ጊዜውን እንጂ ገንዘባችንን አይወስድም። ቡና በማሽን የምትሠሩ ይህን አስቡበት፤ ማሽን ለእያንዳንዱ ስኒ አዲስ ቡና ይፈልጋል።

እዚህ ጋ እኔ የተሳሳትኩትን ስሕተት እንዳትሠሩ። ጥሬ ቡና ሲቆላ ከክብደቱ ከ15 እስከ 20 በመቶ ገደማ ይቀንሳል። እርጥበቱ ይወጣል፣ ገለባው ይሄዳል። እኔ አምስት ኪሎ ያስፈልጋል ብዬ አምስት ኪሎ ጥሬ ቡና እገዛ ነበር። ከዚያ በወሩ መጨረሻ ሳምንት ከሱቅ በችርቻሮ፣ በውድ እሞላለሁ። ትክክለኛው ስድስት ኪሎ ተኩል ጥሬ ነው። ስኳሩን ደግሞ በኩሽና ሚዛን መዘንነው። አንድ ስኒ ላይ የሚገባው ሁለት ማንኪያ 10 ግራም ገደማ ነው። በ40 ስኒ 400 ግራም፤ በወር 8 ኪሎ ከ800 ግራም። ውሃም እንዲሁ፤ ለአንድ ሰው አንድ ሊትር ተኩል ብንል በወር ባለ 20 ሊትሩ 30 ጠርሙስ ይመጣል።

ሁሉንም በኪሎና በሊትር እንደጻፍኩት አስተውላችኋል። ብር አልጠራሁም። ሆን ብዬ ነው። በሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ አንድ ዶላር በአንድ ቀን ከ57 ብር ገደማ ወደ 74 ብር ገደማ ወጣ። በሳምንታት ውስጥ 100 ብርን አለፈ። የፕሪንተር ቀለም ልንገዛ ስንሄድ የነበረንን ፊት አልረሳውም። ለዓመት በብር የተጻፈ በጀታችን በአንድ ወር ዋጋ አጣ። የእትዬ ደብተር ግን እንዳለ ቆመ። ስድስት ኪሎ ተኩል ቡና ያው ስድስት ኪሎ ተኩል ነው። የሚቀየረው የሳምንቱ ዋጋ ብቻ ነው፤ እሱን በአንድ ዓምድ አስገብተህ ታባዛለህ። መዋጮው ሲጨምር አባሎቹ የቱ እንደጨመረ ያያሉ። ቡና ነው? ስኳር ነው? «አስተዳዳሪዋ ጨመረችብን» የሚል ሰው የለም።

እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ ሁልጊዜ ይመጣል፤ በርካሽ ስታገኙ አብዝታችሁ አትገዙም ወይ ይባላል። ስኳር፣ ሳሙናና ሶፍት አዎ፤ ለሁለት ለሦስት ወር ከጅምላ ሱቅ እንገዛለን። ጥሬ ቡናም ደረቅ ቦታ ከተቀመጠ ችግር የለበትም። የተወቀጠ ቡና፣ ቆሎና ዳቦ ግን አይሆንም። ቆሎ ይሻግታል፣ የተወቀጠ ቡና ሽታው ይጠፋል። ከዚያ ደግሞ ሲበዛ ሲያዩት ሰዎች እጃቸው ይፈታል። የሞላ ማሰሮ ቆሎና ጎደል ያለ ማሰሮ ቆሎ እኩል አይበሉም፤ ሞክሩት።

አሁን ስለ ጾም። ይህን ያልቆጠረ በጀት በአገራችን በጀት አይደለም።

በወር ካሉት 22 የሥራ ቀናት ስምንቱ ወይም ዘጠኙ ረቡዕና ዓርብ ናቸው። በዐቢይ ጾም ደግሞ 55 ቀን አለ። የእትዬን ደብተር ብታዩ ሁዳዴ ሲገባ የጠዋቱ ቡና ግማሽ ይሆናል፤ ምክንያቱም ብዙው ሰው እስከ ስድስት ወይም እስከ ዘጠኝ ሰዓት አይቀምስም። ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ያለው ግን ይጨምራል። የማያውቅ ሰው ቀኑን ሙሉ እኩል ያፈላና የጠዋቱን ይደፋል። ረመዳን ደግሞ በየዓመቱ 11 ቀን ገደማ እየቀደመ ስለሚዞር ቀኑን ቀድሞ ማየት ይጠይቃል። በ2017ም በ2018ም ሁለቱ ጾሞች አንድ ሳምንት ሳይራራቁ ገቡ። ቤታችን በእነዚያ ሳምንታት ጠዋት ጸጥ ይል ነበር። ሙስሊም አባሎቻችን በረመዳን ወር የረከቦቱን መዋጮ አይከፍሉም፤ ቀን አይጠጡማ። ይህን ሕግ አድርገን ጻፍነው። ያለዚያ ማንም አይጠይቅም ነበር፤ ሁሉም ዝም ብሎ ይከፍል ነበር። እነሱ ደግሞ አንድ ምሽት ቴምርና ሳምቡሳ አምጥተው ሁላችንንም ለኢፍጧር ጠሩን። መዋጮው ባይቀር ኖሮ ያ ምሽት እንደዚያ ደስ የሚል አይሆንም ነበር ብዬ አምናለሁ።

ምሳውንም ያስተካከለልን ጾም ነው። የጋራ ምሳ ስንጀምር ሥጋ ነበር ያዘዝነው። ሦስት አባሎች ያን ቀን ምሳ ሰዓት ላይ «ስልክ አለብኝ» ብለው ወጡ። ክርስቲያንና ሙስሊም አንዱ የሌላውን ሥጋ እንደማይበላ እያወቅን፣ ማንም አፍ አውጥቶ አልተናገረም። ዳግመኛ ይሉኝታ። አሁን የጋራ ምሳችን በሳምንት አንድ ቀን ነው፤ ረቡዕ። በየዓይነቱ ነው። ምስር፣ ሽሮ፣ ጎመን፣ ቀይ ሥር። የጾም ምግብ ሁሉም ይበላል፤ የማይጾመውም፣ በሌላ ሃይማኖት ያለውም፣ ሥጋ የማይወደውም። ዋጋውም ይቀላል። ከሰፈራችን እንጀራ የምትጋግር ሴት ማክሰኞ ማታ ቁጥሩ ይነገራታል፤ ለአንድ ሰው አንድ እንጀራ ተኩል ብለን እንይዛለን። ስሙን እስከ ማክሰኞ አሥር ሰዓት ያልጻፈ በቁጥሩ ውስጥ የለም። ያልጻፈ ሰው መጥቶ ቢቀመጥ ግን «እንብላ» እንላለን። ይህን መቼም አንከለክልም። በጀቱም ለዚህ ብሎ በየረቡዑ የሁለት ሰው ትርፍ ይይዛል።

ብዙ ሰው ይህን ሁሉ ሕግ ከየት አመጣሽው ይለኛል። አዲስ ነገር አይደለም። ከዕድር ነው የወሰድኩት። የሰፈራችሁን ዕድር አስታውሱ። ዳኛ አለ፣ ጸሐፊ አለ፣ ገንዘብ ያዥ አለ። ገንዘቡን የያዘው ሰው መዝገቡን አይዝም። ሳህንና ድስት ከዕቃ ቤት ተቆጥሮ ይወጣል፣ ተቆጥሮ ይገባል። የጎደለ ይከፈላል፤ ማንም በዚህ አይቀየምም፤ ደንቡ ቀድሞ ተነቧልና። በ2009 እ.ኤ.አ. በኢኮኖሚክስ የኖቤል ሽልማት ያገኘች የመጀመሪያዋ ሴት ኤሊኖር ኦስትሮም ዕድሜዋን የፈጀችው ሰዎች የጋራ ሀብታቸውን፣ ግጦሹን፣ መስኖውን፣ ዓሣውን፣ ራሳቸው እንዴት ሳይጨርሱት እንደሚጠብቁ በማጥናት ነው። ከደረሰችባቸው ነገሮች ውስጥ ደንቡን ተጠቃሚዎቹ ራሳቸው ሲያወጡት፣ ጠባቂው ተጠሪነቱ ለእነሱ ሲሆን፣ ቅጣቱም ከትንሽ ሲጀምር ሀብቱ ይቆያል የሚሉ ይገኙበታል። ሳነበው የአባቴ ዕድር ስብሰባ ትዝ አለኝ። እሑድ ጠዋት፣ ዛፍ ሥር፣ ጸሐፊው ቆሞ ገቢና ወጪ ሲያነብ።

እኛም እንዲሁ እናደርጋለን። ገንዘቡን አንድ አባል ይይዛል፣ ደረሰኙን ሌላ አባል ይይዛል፣ በየሦስት ወሩ ይቀያየራሉ። እኔ ሁለቱንም አልይዝም። የወሩ ወጪ ፍሪጁ ላይ በእጅ ተጽፎ ይለጠፋል። ቴሌግራም ግሩፕ ላይ ሞክረነው ነበር፤ በሰላምታና በልደት መልእክት መሃል ይጠፋል። ፍሪጅ ላይ ያለውን ግን ውሃ ሊቀዳ የመጣ ሁሉ ያነበዋል።

አንድ ነገር ቀረኝ፤ እሱን ሳልናገር ብወርድ አይሆንም። የእትዬ ጉዳይ። እትዬ የተቀጠረችው ለጽዳት ነው። ቡናው ቀስ በቀስ ነው የተጨመረባት። መጀመሪያ «እስቲ ዛሬ አፍዪልን»፣ ከዚያ በየቀኑ፣ ከዚያ ሁለት ጊዜ። ስኒ ማጠቡ፣ ከሰል ማያያዙ፣ ቡና መቁላቱ፣ ሽምብራ መቁጠሩ። ለሁለት ዓመት አንድ ብር አልጨመርንላትም። እሷም አልጠየቀችም። ስለ ይሉኝታ ይህን ሁሉ ሳወራ ከሁሉም የበለጠ የታፈነችው አጠገቤ ነበረች። ይህን ያየሁት ኪሎውን ሁሉ ጽፌ ስጨርስ ነው። ቡና አለ፣ ስኳር አለ፣ ከሰል አለ፤ እጅ የለም። አሁን የረከቦቱ ኪስ የመጀመሪያው መስመር የእሷ ክፍያ ነው። ከቡናው በፊት ይጻፋል። መዋጮው በዚህ ምክንያት ጨመረ፤ ሁለት ሰው ወጣ፣ የቀረው ከፈለ። የእናንተንም ቦታ በጀት ዛሬ ማታ አውጥታችሁ እዩት። ስኒ የሚያጥበው ሰው የትኛው መስመር ላይ ነው?

ባለፈው ወር እትዬ ለመጀመሪያ ጊዜ በስብሰባችን ላይ እጅ አወጣች። ጀበናው ትንሽ ስለሆነ ለአቦል ሁለቴ መጣድ እንዳለባት፣ ከሰሉም እጥፍ እንደሚፈጅ ተናገረች። ሰፋ ያለ ጀበና ይገዛ አለች። ገንዘብ ያዡ ከመጠባበቂያው እንዲወጣ ጠየቀ፣ ሁሉም ተስማማ። ቅዳሜ ራሷ ሄዳ መርጣ ገዛች። ሰኞ ስታሟሸው ዋለች፤ አሮጌ አተላ ጨምራ ደጋግማ አፈላችበት፣ አጥባ ደፋችው። ማክሰኞ ጠዋት በአንድ ጊዜ 15 ስኒ አቦል ቀዳች። ቆርቆሮው ውስጥም 15 ሽምብራ ጣለች።